ሮቶ ውስጥ የገባው ፈታሽ

ሰበታ ውስጥ ሀብተወልድን የማያውቅ የፋብሪካ ሠራተኛ ካለ ኪስ የሌለው ልብስ የሚለብስ ብቻ ነው። ሥራው ፍተሻ ነው። በአንድ የክር ፋብሪካ በር ላይ ይቆምና የሚወጣውን ወንድ ሁሉ ከአናቱ እስከ ካልሲው ይደባብሳል። አንድ ቀን አንዱ ሠራተኛ አፉን ገጥሞ ሲስቅ አይቶት «ጉንጭህ ውስጥ ምን አለ?» ብሎ ምላሱን አስነሥቶ አየ ይባላል። ሌላ ቀን ደግሞ ቦርጫም የሒሳብ ሹም አስቁሞ፣ ቦርጩ የራሱ መሆኑን የሚመሰክር ሰው እስኪመጣ ድረስ አላሳልፍም አለ አሉ። እነዚህ ወሬ ሊሆኑ ይችላሉ። በሠርጉ ቀን ቀለበቱን ጣቱ ላይ ከማጥለቁ በፊት ነክሶ ማየቱ ግን ወሬ አይደለም፤ ሚስቱ አረጋሽ በተጣሉ ቁጥር ታነሣዋለች።

ሰው ሲወቅሰው መልሱ አንድ ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ በገዛ ቤቱ የሚሆነው የጠፋበት። ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጁ ትጊ በየማለዳው ሆዷን ይዛ ትንሰፈሰፋለች። ቁርሷን ገና ሁለቴ ሳትጎርስ ታስመልሳለች። ምሳ ሲደርስ ደግሞ ምንም እንዳልነካት ተነሥታ ዶሮ ታባርራለች። ከሰዓት ደህና፣ ማታ ደህና፣ ነግቶ ፀሐይ ስትወጣ እንደገና ቁርጠት። በሽታው የመንግሥት ሠራተኛ ይመስል ጠዋት ገብቶ ለምሳ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ብዙዎቹ አይመለስም። ልጅቷ ግን ከሰውነቷ እየጎደለች ሄደች። ያ እንደ አምባሻ የተነፋ ጉንጯ ሟሸሸ፤ ቀሚሷ ከትከሻዋ ላይ መንሸራተት ጀመረ።

አረጋሽ ታገሠች፣ ታገሠችና አንድ ቀን በቃኝ አለች።

«ስማ ሀብቴ። ቅዳሜ ወንድሜ ጌታቸው ከጫንጮ በአይሱዙ ጭነት ይዞ ይመጣል። እስከዚያ ልጄን የሚያሳምማት ምን እንደሆነ ካልታወቀ ትጊን እናቴ ጋ እልካታለሁ። ከዚህ ግቢ ትውጣልኝ።»

«እስከ መቼ?»

«እስክትድን።»

ሀብተወልድ ክው አለ። አማቱን ያውቃቸዋላ። የአረጋሽን የእህት ልጅ «ለሳምንት አየር ይለውጥ» ብለው ጫንጮ ወሰዱት፤ ልጁ ዛሬ ስምንተኛ ክፍል ነው። እሳቸው እጅ የገባ ልጅ ፂም ሳያበቅል አይመለስም።

«አረጉ፣ ጊዜ ስጪኝ። አጣራለሁ።»

«አጣራ። የሰው ካልሲ ስታጣራ የምትውለውን ያህል አንድ ቀን እንኳ የቤትህን አጣራ።»

የሚያጣራውም ግቢ ይህን ያህል ሰፊ አልነበረም። ከፊት ባለቤቱ ኦቦ ገመቺስ አሉ፤ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ አራት ጥርስ የቀራቸው ሽማግሌ። በአጥሩ በኩል ራቢአ አለች፤ የሱቋ መስኮት አንዱ ወደ መንገድ፣ አንዱ ወደ ግቢው ይከፈታል። ከኋላ ባለችው አንድ ክፍል ደግሞ ኪሩ የሚባል ጎረምሳ ይኖራል፤ ከስልኩ ጋር የተጋባ። መሐል ላይ ለሁሉም የምትበቃ አንዲት ቧንቧ፣ ከቧንቧዋ ጎን በድንጋይ ላይ የተቀመጠ ጥቁር ሮቶ። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣ፤ ፈረቃውን የሚያውቀው ግን ውሃው ራሱ ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት ግቢው በሙሉ ብሩሹን ይዞ ቧንቧዋ ዙሪያ ይቆማል። ኦቦ ገመቺስ እንኳ መፋቂያቸውን ጥለው ወደ ጥርስ ሳሙናው ዞረዋል። «ጥርስ ሲያንስ እንክብካቤው ይበዛል» ይላሉ።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ውሃው ነበር። ጠቋሚው ኪሩ ነው።

«ሀብቴ፣ ፍሎራይድ ነው ባክህ! ስልኬ ላይ አይቻለሁ።»

«ማነው እሱ ደግሞ?»

«ሰው አይደለም ብራዘር፣ ውሃ ውስጥ ያለ ነገር ነው። እነ መቂ፣ እነ ዝዋይ ጋ ከጉድጓድ የሚወጣው ውሃ ይበዛበታል። የሰው ጥርስ ቡኒ ያደርጋል። ሲብስ አጥንትም ይጎዳል።»

«የኛስ ከጉድጓድ አይደል እንዴ የሚመጣው?»

«እኔ ምን አውቄ። መጠርጠር ነው እንጂ።»

መጠርጠር ነው እንጂ! ለሀብተወልድ ይህን ማለት ለዳቦ ቤት ዱቄት ማራገፍ ነው። በማግሥቱ ባዶ ጀሪካን ይዞ ቡራዩ ሄደ፤ ከአንድ የሥራ ባልደረባው ቤት ቀድቶ በሚኒባስ ተመለሰ። ጀሪካኑን እንደ ታቦት አቅፎ ስላዩት ተሳፋሪዎቹ ጸበል መሰላቸው። ዓለም ገና ከተማ ሲደርስ ሁለት ሴቶች ነክተው ተሳልመውት ነበር፤ ሰበታ ሲገባ አንዲቱ ጉልበቷ ተሽሏታል ተባለ። ትጊ ግን የቡራዩን ውሃ ጠጥታ በማግሥቱ አስመለሰች። ሱሉልታ ሄደ። የሱሉልታው ውሃ ከመቀዝቀዙ የተነሣ ጀሪካኑ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ይሰማል ብሎ ለኪሩ ምሎለታል። ትጊ እሱንም ጠጥታ አስመለሰች። ቡራዩም ሱሉልታም ነፃ ወጡ፤ የሰበታ ውሃም በዋስ ተለቀቀ።

ኦቦ ገመቺስ «ዓይን ነው፣ ልጄ፤ ዓይን በልቷት ነው» አሉ። ሀብተወልድ ደግሞ በልቡ «የማን ዓይን?» ብሎ የሽማግሌውን ዓይን አየው።

ቅዳሜ ሲቃረብበት ትጊን አቅፎ ጤና ጣቢያ ገባ። ሲስተር ናዝራዊት የምትባል ወጣት ነርስ ተቀበለችው። ሆዷን ዳሰሰች፣ ዓይኗን ገልጣ አየች፣ ሰገራ አስመረመረች። ትል የለም፣ አሜባ የለም።

«ሁልጊዜ ጠዋት ነው አልክ። ከቁርስ በፊት ምን ታደርጋለች?»

«ጥርሷን ትቦርሻለች። እንደ ሠለጠነ ሰው!»

«ጎበዝ። ስትጨርስ ትተፋዋለች?»

ሀብተወልድ ደረቱን ነፋ። «ልጄ ባለጌ አይደለችም። አትተፋም።»

ሲስተር ናዝራዊት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለፋሲካ ቤቱን ሊባርኩ የመጡ ቄስ ጋቢ ላይ ትጊ ቱፍ ብላ ነበር። እናቷ ጭኗን ቆንጥጣ «መትፋት ነውር ነው!» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ትጊ አፏ ውስጥ ዝንብ ቢገባ እንኳ በጨዋ ደንብ ትውጠዋለች እንጂ አትተፋም።

«የጥርስ ሳሙና እኮ ምግብ አይደለም» አለች ነርሷ። «ውስጡ ፍሎራይድ አለ።»

ሀብተወልድ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሣ። «ፍሎራይድ! ይኸው! ሱሉልታ ድረስ አሳድጄዋለሁ እኮ!»

«ተቀመጥ። ፍሎራይድ ጠላት አይደለም። ጥርስ ላይ ሲሆን ከመበስበስ ያድናል፤ ሳሙናው ውስጥ የሚጨመረውም ለዚያ ነው። ጣጣው ሕፃን በብዛት ሲውጠው ነው። ያቅለሸልሻል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ያስመልሳል። ለረጅም ጊዜ ከዋጠችው ደግሞ ድዷ ሥር ገና እየተሠሩ ያሉት ትልልቅ ጥርሶቿ ነጭ ወይ ቡኒ ነጠብጣብ ይዘው ሊወጡ ይችላሉ። በሷ ዕድሜ የሩዝ ፍሬ የምታክል ትበቃለች። ሦስት ሲሞላት አተር ታክላለች። ብሩሹ ላይ የሚያደርግላት ትልቅ ሰው ይሁን፤ እሷም መትፋት ትልመድ። ቤት ውስጥ ምን ያህል ነው የምታደርጉላት?»

«እናቷ ነች የምታደርግላት። ምስር ብታክል ነው።»

«ምስር የምታክል በየቀኑ አታስመልሳትም። ከእናቷ ሌላስ?»

«ማንም!» አለ ሀብተወልድ። ማለዳ ወደ ሥራ ሲወጣ ከራሱ ሳሙና ጣቷ ላይ ጠብ የሚያደርግላት ትዝም አላለው። ያ ፍቅር ነው እንጂ ሳሙና አይደለማ።

«ራሷ አንሥታ እንዳይሆን። የት ነው የሚቀመጠው?»

«ቁም ሳጥን አናት ላይ። እኔም ወንበር ላይ ቆሜ ነው የማወርደው።»

«እንግዲያው የሚሰጣት ሰው አለ» አለች ሲስተር ናዝራዊት።

የሚሰጣት ሰው አለ! ሀብተወልድ ዕድሜ ልኩን አንድ የተማረ ሰው እንዲህ እንዲለው ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ፊቱ በራ። ነርሷ ከኋላው «ለጎረቤቶቻችሁ በደንብ አስረዳቸው፣ እሺ? ብዙ ከዋጠች ወተት አጠጧትና ቶሎ አምጧት!» ብላ ጮኸች። እሱ ግን ደጅ ደርሶ ነበር። ደግሞስ ፈታሽ ምን እንደሚፈልግ ተናግሮ ይፈትሻል እንዴ? ምስጢሩን ለአረጋሽም ሳይነግራት ዋጠው። «ልጅቷ ትል የለባትም፤ ሌላውን አጣራለሁ» ብቻ አላት።

ወዲያው ጎረቤቶቹን ቧንቧዋ ጋ ሰበሰበ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ፊታቸው ተንጎራደደ።

«ለልጄ የጥርስ ሳሙና የሚሰጥ ማነው?»

ሦስቱም ተያዩ።

«ውይ ወንድሜ!» አለች ራቢአ ቀድማ። «እኔ ሳሙና ሸጬ ነው የማድረው፤ በነፃ እበትናለሁ?»

«እኔ ለራሴም የለኝ» አለ ኪሩ። «ብሩሼን ውሃ አስነክቼ ነው የምወጣው፤ ሙድ ለመያዝ ያህል።»

ኦቦ ገመቺስ አፋቸውን ከፈቱለት። «አራት ናቸው፣ ልጄ። ቁጠራቸው። በአራት ጥርስ የምን ሳሙና ነው?»

«እሱን ነው እኔም የምለው፣ ኦቦ ገመቺስ። አራት ጥርስ ይዘው አንቱ በየሳምንቱ አዲስ ሳሙና ሲገዙ አያለሁ።»

«እህ! እኔንም ልትፈትሽ ነው?» አሉ ሽማግሌው። ከዘራቸውን መሬት ላይ መትተው ገቡ።

ሌሎቹም ቅር ብሏቸው ተበተኑ። የመሰላቸው ሌላ ነበር፤ ሀብተወልድ «ልጄን ለማኝ አደረጋችኋት፣ ድሃ ነው ብላችሁ ናቃችሁኝ» ያለ መሰላቸው። ሰው ለሰጠው ነገር ሲመረመር ደግሞ መካድ ይቀለዋል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይገርማል። ራቢአ መስኮቷን ገርበብ አድርጋ ጠራችው። «ሀብቴ፣ ከኔ አልሰማህም፣ ኪሩን እየው። ያ ልጅ እጁ አያርፍም።» ኪሩ በር ላይ ጠበቀው። «ብራዘር፣ ሽማግሌውን ጠርጥር። ፋዘር ይመስላሉ እንጂ ተንኮለኛ ናቸው።» ኦቦ ገመቺስ ሽንት ቤት መንገድ ላይ ክንዱን ያዙት። «ባለ ሱቋ ናት፣ ልጄ። ጣፋጭ ያለበት ባለ እንጆሪ ሳሙና አስመጥታለች፤ ደንበኛ ከልጅነቱ ነው የሚያዘው።» ሀብተወልድ ሦስቱንም አመሰገነ፤ ሦስቱንም አላመነ።

ዓርብ ማለዳ ለሥራ እንደሚሄድ ሆኖ ለበሰ፤ ከፋብሪካው ግን ፈቃድ ወስዷል። ትጊ እንደ ልማዷ ነቅታ በር ላይ ጠበቀችው። ከኪሱ ሳሙናውን አውጥቶ ወፍራም መስመር ጣቷ ላይ አደረገላት። ላሰችው። ደገመላት፤ አንድ ያጣላላ! ከዚያ በአጥሩ ዞሮ በጓሮ በኩል ገባና ማንም ሳያየው ሮቶው ላይ ወጣ። ውሃ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ሮቶው እንደ ከበሮ ባዶ ነው። ውስጡ ገብቶ ቁጢጥ አለና ክዳኑን ከላዩ ገጠመ። ከጎኑ የቧንቧ ማስገቢያ ሆኖ የቀረ ቀዳዳ አለ፤ ዓይኑን እሱ ላይ ተከለ። ውስጡ ይሞቃል፣ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። ሲተነፍስ ድምፁ ዞሮ ይመለስበታል፤ አንድ ጊዜ «ማነው?» ብሎ ራሱን ጠርጥሯል።

ብዙም አልቆየ፤ ትጊ ወጣች። ሌባ ጣቷን እንደ ጧፍ አቁማ ግቢውን ታቋርጣለች።

መጀመሪያ ኦቦ ገመቺስ ደጃፍ ደረሰች። ሽማግሌው ግራና ቀኝ አዩ። በሩን አዩ። «አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ!» አሏት፤ እንዴት አደርሽ፣ ልጄ። ከኪሳቸው ሳሙናውን አውጥተው ጣቷ ላይ ጨመቁላት። ትጊ ላሰችው። እሳቸውም በሹክሹክታ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለው ደገሙላት።

ሀብተወልድ ጥርሱን ነከሰ። «አራት ጥርስ!» አለ በልቡ።

ትጊ ወደ ሱቁ መስኮት ዞረች። ራቢአ አንገቷን አውጥታ ግቢውን ቃኘችና ባለ እንጆሪውን አመጣች። «ነይ የኔ ማር። ጥርስሽ እንደ እንቁ ይሁን። በይ ቢስሚላህ!» ጨመቀች። «ሁለት! አንድማ ያጣላናል።»

ኪሩ ደግሞ፣ ያ ለራሴም የለኝ ያለው፣ ከትራሱ ሥር አዲስ ሳሙና ይዞ ወጣ። «ትጊሻ፣ ለፋዘር እንዳትነግሪ፣ እሺ? ቻው ሳልልሽ እንቺ ድገሚ።»

አረጋሽ ከቤት ወጣችና ብሩሹ ላይ ምስር የምታክለውን ያችኑ አድርጋ ልጇን አስቦረሸች። ትጊ ያችንም በጨዋ ደንብ ዋጠቻት።

ሀብተወልድ ሮቶው ውስጥ ሆኖ አንዱን ሌባ ሲፈልግ ግቢ ሙሉ ሌባ አገኘ። አሁን ልውጣ ሲል ኦቦ ገመቺስ ወደ ቧንቧዋ መጡ። ቀና ብለው የሮቶውን ክዳን አዩት። «ማነው ይሄን አላልቶ የተወው? ድመት ይገባበታል» አሉና ተንጠራርተው ጠበቅ አድርገው ገጠሙት። ላዩ ላይም ድንጋይ ጫኑበት።

ወዲያው ከመሬት ሥር ጉርርር የሚል ተሰማ። ውሃ መጣ።

እንዴት ያለ አመጣጥ! ሳምንት ሙሉ የት እንደነበረ የማይታወቅ ውሃ በሙሉ ሰበታን ረስቶ የሀብተወልድን ማጅራት ብቻ የፈለገ ይመስል ነበር። ክዳኑን በራሱ ገፋ፤ እንቢ አለ። ጉልበቱ ጋ ደረሰ። ወገቡ ጋ ደረሰ። ጮኸ።

ከሮቶ ውስጥ የሚወጣ ጩኸት የሰው ድምፅ አይመስልም። ከመሬት በታች የተቀበረ ንጉሥ ድምፅ ነው የሚመስል። «አውጡኝኝኝ!»

«አዑዙ ቢላሂ!» ብላ ራቢአ መስኮቷን ዘጋች።

«ያ ዋቅ!» አሉ ኦቦ ገመቺስ፤ ከዘራቸውን ወደ ሮቶው ቀሰሩ። «ማነህ አንተ?»

«ሀብተወልድ ነኝኝኝ!»

«ውሸቱን ነው!» አለ ኪሩ ስልኩን ደቅኖ እየቀረጸ። «ሀብቴ ሥራ ገብቷል። ሰይጣኑ ስም ሰርቆ ነው!»

«ሀብተወልድ ከሆንክ፣ በሠርግህ ቀን ምን ነከስክ?» አሉ ሽማግሌው።

«ቀለበትትት!»

አረጋሽ እጇ ላይ የነበረውን ሳህን ጥላ ሮጠች። ድንጋዩን ወረወሩት፣ ክዳኑን ገነጠሉት። ሀብተወልድ ከነዩኒፎርሙ፣ ከነኮፍያው፣ እንደ ታጠበ ምንጣፍ ውሃ እያንጠባጠበ ወጣ። ገና እግሩ መሬት ሳይነካ ጣቱን ቀሰረ።

«አየኋችሁ! ሁላችሁንም አየኋችሁ!»

«እኔ ለአመል ያህል ነው የሰጠኋት!» አለ ኪሩ።

«አንተም ትሰጣታለህ?» ራቢአ መስኮቷን መልሳ ከፈተች። «ለራሴም የለኝ ስትል አልነበር!»

«አንቺስ? ኦቦ፣ እርስዎስ?» አለ ኪሩ።

«እኔ አንድ ሽማግሌ ብሰጥ ምን አለበት? ብቻዬን የምሰጣት መስሎኝ ነበር እኮ!»

ሁሉም ብቻዬን ነኝ ብሎ ነበር። ሁሉም ሁለት ሁለት እያለ ያጎርሳት ነበር። ሀብተወልድ ያን ጊዜ ከጥርሱ መንቀጥቀጥ ጋር እየታገለ ነርሷ ያለችውን በሙሉ ተናገረ፤ ሆዷን የሚቆርጣት ይህ የምትውጠው ሳሙና እንደሆነ፣ ገና ያልወጡት ጥርሶቿም ሊበላሹ እንደሚችሉ። ራቢአ አፏን በሻርፗ ሸፈነች። «ያ አላህ፣ እኔ እኮ ጥርሷ እንዲያምር ብዬ…»

አረጋሽ ግን ባሏን ነበር የምታየው። «ይህን መቼ ነው የነገሩህ?»

«ትናንት።»

«ትናንት! ትናንት ብትነግራቸው ኖሮ ዛሬ ማን ይሰጣት ነበር? ለኔስ ለምን አልነገርከኝም?»

«ምርመራ ላይ ነበርኩ…»

ኪሩ ትጊ ፊት በርከክ አለ። «ትጊሻ፣ ጠዋት ስትነሺ መጀመሪያ የሚሰጥሽ ማነው?»

ትጊ ውሃ ወደሚያንጠባጥበው ሰውዬ ጣቷን ቀሰረች። «አባቢ። ሁለት።»

ሀብተወልድ ኮፍያውን አውልቆ ውሃውን መጭመቅ ጀመረ።

«የፈታሹን ኪስ ማን ይፈትሸዋል?» አለች አረጋሽ ቀስ ብላ።

ትጊ በዚያው ቅጽበት ሆዷን ያዘች። ጎንበስ አለችና ሁሉም እያያት ቧንቧዋ ሥር ቀይና ነጭ አረፋ አስመለሰች። ማንም ሌላውን መክሰስ አልቻለም። ራቢአ ወተት ይዛ በረረች፤ ኪሩ ባጃጅ ሊጠራ ሮጠ፤ ሀብተወልድ እርጥቡን እንደሆነ ልጁን አቅፎ ጤና ጣቢያ ገባ። ሲስተር ናዝራዊት ሆዷ እስኪረጋጋላት ድረስ አጠገቧ አቆየቻት። «ወተቱ ጥሩ ነው፤ ታልፈዋለች» አለች። ከዚያ አባትየውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «አንተ ደግሞ ምን ሆነህ ነው የራስከው?» ሀብተወልድ «ዝናብ ነው» አላት። ውጭ ፀሐዩ ያቃጥላል።

አረጋሽ ማታ ፍርዷን ሰጠች። «ነገ ጠዋት አያለሁ። ቁርሷ ሆዷ ውስጥ ከዋለ ትቆያለች። ካልሆነ ጌታቸው የመኪናውን ሞተር አያጠፋም፤ ጭኜለት ይሄዳል።»

ቅዳሜ ሲነጋ ግቢው የሰላዮች ግቢ ሆኖ አደረ። ራቢአ ሳሙናውን ሁሉ ከመስኮቱ መደርደሪያ አንሥታ ከፍ ያለ ቦታ ሰቅላዋለች፤ ኪሩ ግን ከፊቷ አልተነሣም፣ «እጅሽን አሳዪኝ» ይላታል። እሷም መልሳ «አንተ መጀመሪያ ኪስህን ገልብጥ» ትለዋለች። ኦቦ ገመቺስ መፋቂያቸውን ወደ አፋቸው መልሰው ሁለቱንም በአንድ ዓይናቸው ይጠብቃሉ።

ትጊ ጣቷን አቁማ ወጣች። ኦቦ ገመቺስ ጀርባቸውን ሰጧት። ራቢአ መስኮቷን ቀስ አድርጋ ገጠመች፤ ከውስጥ ስታለቅስ ይሰማል። ኪሩ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ማንም ሳይደውልለት ማውራት ጀመረ። ልጅቷ መሐል ግቢ ላይ ቆመች። ትናንት እንደ ንግሥት የዞረችበት አገር ዛሬ ምን ሆኖ እንደከዳት አልገባትም።

ወደ አባቷ ሄደች። ቀና ብላ አየችው። «አባቢ፣ አንድ ብቻ።»

የሀብተወልድ እጅ ሳያዘው ወደ ኪሱ ሄደ። ቀና ሲል የግቢው ዓይን በሙሉ እጁ ላይ ነው፤ አረጋሽ ከበሩ፣ ሽማግሌው ከደጃፋቸው፣ ኪሩ ከስልኩ ጀርባ፣ የራቢአ መስኮት እንኳ ስንጥቅ ያህል ተከፍቷል። በዕድሜው ሲፈተሽ የመጀመሪያው ነው። ቀስ ብሎ ሁለቱንም ኪሱን ወደ ውጭ ገለበጠ። ባዶ።

«የለኝም፣ የኔ እናት። ከእማማ እጅ ብቻ ነው።»

ትጊ አለቀሰች። መሬት ላይ ተንከባለለች፣ «ክፉ!» አለችው። ይህን ቃል ፋብሪካው በር ላይ ሺ ጊዜ ሰምቶታል፤ እንደዚህ ግን ወግቶት አያውቅም። ለቅሶዋ ሲበርድ አረጋሽ ብሩሹ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታክል አድርጋ መጣችና ቦረሸቻት።

«በይ አሁን ትፊው።»

ትጊ አፏን ገጥማ ራሷን ነቀነቀች። ነውር ነዋ!

ሀብተወልድ ውሃ ተጉመጥምጦ ቦዩ ላይ ቱፍ አለ። ኪሩ ቀጠለ። ራቢአ ወጥታ እሷም ቱፍ። ኦቦ ገመቺስ ከዘራቸውን ተደግፈው የግቢውን አጥር የሚሻገር ቱፍታ ተፉ፤ ያ ቱፍታ ተፍኪ ከተማ ደርሷል የሚሉ አሉ። ትጊ ዓለም ሁሉ አብዷል ብላ አንድ በአንድ አየቻቸው። መጨረሻ እናቷን አየች። አረጋሽም ተፋች። ትጊ ትንሽ አሰበችና እግሯ ሥር እፍ ብላ አንዲት ነጭ አረፋ ጣለች። ግቢው አጨበጨበ።

ከዚያ ጨጨብሳ ቀረበላት። አምስት አዋቂ ሰው ዙሪያዋን ቁጭ ብሎ ስትውጥ ጉሮሮዋን ያያል። ጎረሰች፤ ያያሉ። ጠጣች፤ ያያሉ። ሆዷን አከከች፤ ሁሉም ብድግ አለ። እከክ ብቻ ነበር።

ጌታቸው ይህ ሲሆን ነው አይሱዙውን በር ላይ አቁሞ የገባው። ሰላም አላቸው፤ አልመለሱለትም። ጨጨብሳ ሰጡት፤ በላ። የሚያበላው ማን እንደሆነ እንኳ አልታወቀውም፤ ሁሉም የሚያየው የትጊን ሆድ ነው። ፀሐይ ከፍ አለች። ትጊ ሳህኗን ላሰችና ተነሥታ ዶሮዋን ማባረር ጀመረች።

«ትቆያለች» አለች አረጋሽ። ሀብተወልድ ግንቡን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራቶ ተቀመጠ።

«እማማ እኮ አልጋ አንጥፋ ትጠብቃለች» አለ ጌታቸው ግራ ገብቶት። «እሺ፣ እንግዲያው…» ብሎ ኪሱን ዳበሰና ከረሜላ አወጣ። «ነይ ትጊዬ፣ እንቺ። ይኸው ሁለት፤ አንድ ያጣላል።»

«ተው!!!»

አምስት አፍ በአንድ ጊዜ ነበር የጮኸው። ዶሮዋ አጥር ላይ ወጣች። ኦቦ ገመቺስ ከዘራቸውን አነሡ፣ ራቢአ እጁን ቀማችው፣ ሀብተወልድ ከተቀመጠበት ዘልሎ የአማቹን ኪሶች አንድ በአንድ ፈተሸ። ጌታቸው ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያለ መኪናው ውስጥ ገባና ሞተሩን አስነሣ። የሰበታን መንገድ ለቆ እስኪወጣ ድረስ በመስታወቱ ወደ ኋላ ማየቱን አልተወም። ከዚያ በኋላ እስከ ጫንጮ ድረስ፣ ያ ያበሉት ጨጨብሳ ምን ይኖርበት ይሆን እያለ ሆዱን ደጋግሞ ነካካ።